«እማዬ፣ የበቀለ ድንች ይበላል?»

የዛሬው ደብዳቤ በሐምሌ ወር ከደሴ የደረሰን ነው። ትንሽ አሳጥረነዋል።

«ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ። የአራት ልጆች እናት ነኝ። ትልቋ አሜሪካ ሜሪላንድ ናት። ተከታዩ ዱባይ ሕንፃ ሥራ ላይ ነው። ሦስተኛዋ ሐዋሳ አግብታ በቅርቡ ወልዳለች። ትንሹ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። አባታቸው ካረፉ ቆይቷል። ሁሉም ይደውሉልኛል፣ በዚያ አላማቸውም። የሚጠይቁኝ ነገር ግን ግራ ያጋባኛል። ትንሹ ‹እማዬ፣ የበቀለ ድንች ይበላል?› ይለኛል፤ መልሱን ሲሰማ ‹በቃ ቻው› ብሎ ይዘጋል። የሐዋሳዋ ‹ልጁን ቅቤ ላልሰው?› አለችኝ። አልሺው ብላት ተቆጣችኝ። ትልቋ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከእንቅልፌ ቀስቅሳ ‹አያቴ በምን ነበር የሞቱት?› አለችኝ። ሌላ ቀን ‹ከማግባትሽ በፊት ስምሽ ማን ነበር?› ብትለኝ ክው አልኩ። እኔ ስንት ስም አለኝ? አንዴ ደግሞ ‹እንዳልሽኝ ቀቀልኩት፣ ክኩ ገንፎ ሆነብኝ› ብላ ወቀሰችኝ። የዱባዩ ባለፈው በምሳ ሰዓት ደውሎ ‹እማዬ፣ ልጅ ሆኜ አልቃሻ ነበርኩ?› አለኝ። ‹ምነው?› ስለው ‹ምንም፣ እንዲሁ ነው› ብሎ ዘጋው። ያ ጥያቄ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ጎረቤቴ ‹ልጆችሽ የሚያስታውሱሽ ሲቸግራቸው ነው› ትለኛለች። እጃቸው ላይ ያለው ስልክ ሁሉን ያውቃል ይባላል፤ ለምን እሱን አይጠይቁም? እኔ እንደ ሰው ‹እንዴት ነሽ› መባል አምሮኛል። ማታ ማታ ስልኬን ባጠፋው ነውር ይሆንብኝ ይሆን?»

እናታችን፣ እንደምን ሰነበቱልኝ።

ጎረቤትዎ ያሉት ልክ አይመስለኝም። የቸገረው ልጅ ገንዘብ ይጠይቃል። ስለ ድንች የሚደውል ልጅ እናቱን ፈልጎ ነው። ይህን የምልዎት ላጽናናዎት ብዬ አይደለም፤ የጻፉልኝን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ሳያቸው የሚነግሩኝ ይህንኑ ስለሆነ ነው።

«እንዴት ነሽ» መባል አምሮኛል ብለዋል። እውነትዎን ነው፣ ይገባዎታልም። ግን እስቲ እኔም ልጠይቅዎት። ልጆችዎ «እማዬ፣ እንዴት ነሽ?» ሲሉዎት ምን ብለው ይመልሳሉ? «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» አይደል? ጉልበትዎ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዝዎት አድሮም «ደህና ነኝ»። መብራት ጠፍቶ እንጀራ ሳይጋገር ውሎም «ደህና ነኝ»። እነሱም ያው ናቸው። «ሥራ እንዴት ነው?» «አሪፍ ነው።» «ጤናህስ?» «ሰላም ነው።» ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ወሬው ያልቃል።

ያደግነው እንዲህ ነው። ሩቅ ያለን ሰው ሐሳብ ላይ እንዳንጥል ክፉ ወሬ አንነግረውም። መርዶ እንኳ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ በር አንኳኩቶ ነው የሚያረዳው። ልጆችዎ ይህን ያውቃሉ። «ደህና ነኝ» ሲሏቸው ሙሉ በሙሉ አያምኑዎትም። የእርስዎን ሁኔታ በዚያ ጥያቄ እንደማያገኙት ገብቷቸዋል።

ስለ ድንች ሲጠይቁ ግን እናታቸው ትመጣለች። «አረንጓዴ ሆኗል እንዴ? የት አስቀምጠኸው ነው? ሽንኩርትስ አለህ? ብቻህን ነው የምትበላው?» ይላሉ እርስዎ። ይቆጣሉ፣ ይስቃሉ፣ ድምፅዎ ይከፈታል። ጉንፋን ይዞዎት እንደሆነ፣ ሆድ ብሶዎት እንደሆነ ልጅዎ የሚሰማው ያኔ ነው። ስልኩ ለድንቹ መልስ ይሰጠዋል። «ትናንትም ድንች ነበር የበላኸው፣ ዛሬ እንኳ ምስር ሥራ» የሚለው ግን ከእርስዎ በቀር የለም። ልጁ የደወለው ምናልባት ከሥራ ገብቶ፣ ፌስታሉን ፈትቶ፣ አንዲት ምድጃ ፊት ለብቻው ቆሞ ነው። በዚያ ሰዓት «ናፍቀሽኛል» ማለት ለአንድ ጎረምሳ ይከብዳል። ድንቹ ይቀላል።

ለነገሩ መልሱን አብረው እንዲነግሩት ልጨምርልዎት። ድንቹ ጠንካራ ሆኖ ቡቃያው ትንሽ ከሆነ፣ ቡቃያውን ከነሥሩ ጠልቆ ቆርጦ ማውጣት ነው፤ የቀረው ይበላል። ልጣጩ አረንጓዴ ከሆነ ወይም ድንቹ ከተጨማደደና ከለሰለሰ ግን ይጣል። እዚያ ላይ መርዝ አለው፤ መቀቀልም አያጠፋውም። ብርሃን በማይገባበት፣ አየር በሚያገኝ ቦታ ያስቀምጠው።

«በቃ ቻው» ብሎ እንዳይዘጋብዎትስ? መልሱን ሰጥተው ሲጨርሱ «ሠርተህ ስትጨርስ ደውልና እንዴት እንደሆነ ንገረኝ» ይበሉት። ይደውላል። ሁለተኛው ስልክ ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ የበላ ሰው ወሬ ይወዳልና።

ወደ ትልቋ ልለፍ። የእሷ ጥያቄዎች ከሌሎቹ ይለያሉ። መልሱ የእውነት ያስፈልጋታል።

የስሙን ነገር ላስረዳዎት፣ እንደደነገጡ መቅረት የለብዎትም። አሜሪካ አንዲት ሴት ስታገባ ብዙ ጊዜ የባሏን የቤተሰብ ስም ትይዛለች። ስለዚህ ባንኮችና አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ደንበኛው ራሱ መሆኑን ለማጣራት «እናትህ ከማግባቷ በፊት የነበራት ስም ማነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ሌላ ሰው በቀላሉ አያውቀውም በሚል ነው። የእኛ አገር ሴት በአባቷ ስም ተወልዳ በአባቷ ስም ነው የምታረጀው፤ ጥያቄው ለእኛ አይሆንም። ልጅዎ ፎርም ስትሞላ ግራ ገብቷት ነው እንጂ ሌላ ባል ነበረሽ ወይ ማለቷ አይደለም። የእርስዎንና የአባትዎን ስም ይንገሯት፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አድርጋ ትጻፈው።

የክኩ ነገር ደግሞ ጥፋቱ የእርስዎም የእሷም አይደለም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ያለ ከተማ ነው። ከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ እርስዎ ቤት በ92 ዲግሪ አካባቢ ሲፈላ፣ እሷ ጋ ቆላው ላይ ወደ 100 ሲጠጋ ነው የሚፈላው። የእርስዎ ድስት እየፈላም ሙቀቱ ያንሳል፣ ክኩም ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። ያንኑ ያህል እዚያ ብታቆየው ይሟሟል። ሰዓት አይንገሯት። በጣቷ ስትጫነው ምን ሲሆን ማውጣት እንዳለባት ይንገሯት፤ እርስዎም እኮ ሰዓት አይተው አያውቁም።

ስለ አያቷ የጠየቀችዎት ግን ትልቅ ነገር ነው። እዚያ ሐኪም ቤት ሲገባ ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ በቤተሰብ ውስጥ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ወይም ካንሰር አለ ወይ የሚል ነው። እኛ ደግሞ ሰው በምን እንደሞተ ስንጠየቅ «ታሞ ነው»፣ «ምች መቶት ነው»፣ «ድንገት ነው» ብለን እናልፋለን። ስሙን ባያውቁትም ያዩትን ይንገሯት። ውሃ ውሃ ይላቸው ነበር? ሌሊት ለሽንት ይመላለሱ ነበር? እግራቸው ቆስሎ አልድን ብሏቸው ነበር? አንድ ጎናቸው ዝሎ ነበር? በስንት ዓመታቸው ነበር? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ለሐኪሟ ይጠቅማል። ሌሎቹም ልጆችዎ ይወቁት። የራስዎንም ጨምረው ይንገሯቸው፤ ግፊት ካለብዎት «ትንሽ ያዞረኛል» አይበሉ፣ ግፊት ይበሉት።

ከነገሯት በኋላ «ምነው፣ ሐኪም ቤት ሄደሽ ነበር?» ብለው በቀስታ ይጠይቋት። ዝም ብላ ምርመራ ይሆናል፤ ሌላም ሊሆን ይችላል። በግምት አይጨነቁ፣ ይጠይቋት።

የሐዋሳዋን በተመለከተ ላስቀይምዎት ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። ቅቤው ይቅር። እርስዎም ተልሰው አድገው ይሆናል፣ አራቱንም ልጆች አልሰው ይሆናል፤ በፍቅር የሚደረግ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን አራስ ልጅ እስከ 6 ወሩ ከእናቱ ጡት ሌላ ምንም አያስፈልገውም። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ካልሆነ በቀር ቅቤም፣ የስኳር ውሃም፣ ተራ ውሃም አይሰጠውም። አንጀቱ ገና ነው፣ ጀርም ይገባበታል፣ ሆዱም ስለሚሞላ ጡቱን ይቀንሳል። ማር ደግሞ ዓመት ሳይሞላው በፍጹም አይቅመስ፤ ትልቅ ሰው የማይጎዳው ጀርም ሕፃኑን ክፉኛ ሊያሳምመው ይችላል።

አሁን ልብ ይበሉልኝ። ልጅዎ ይህን ሳታውቅ የደወለች ይመስልዎታል? የወለደች ሴት ጤና ጣቢያ ተነግሯት ነው የምትወጣው። ካወቀች ለምን ጠየቀችዎት? እኔ እንደምገምተው ቤት ውስጥ «ቅቤ አልሺው» የሚላት ሰው አለ። አማቷ ትሆናለች፣ አራስ ጠያቂ ጎረቤት ትሆናለች። አራስ ቤት ተኝታ ከትልቅ ሰው ጋር መከራከር አቅቷታል። «እናቴም አይሆንም ብላለች» ለማለት ነው የደወለችው። እርስዎ «አልሺው» ሲሏት ብቻዋን ቀረች። ቁጣዋ ከዚያ ነው የመጣው።

ዛሬውኑ ይደውሉላት። «ሐኪም ያለሽን አድርጊ። ለሚጠይቅሽ ሁሉ እናቴ ናት የከለከለችኝ በዪ» ይበሏት። ሌላ ብዙ ማለት አያስፈልግም። እዚያ ቤት የእርስዎ ስም ጉልበት አለው፤ ትጠቀምበት።

የዱባዩ ልጅዎ ነው እኔንም ያሳሰበኝ።

«ልጅ ሆኜ አልቃሻ ነበርኩ?» ብሎ የሚጠይቅ ጎልማሳ ስለ ልጅነቱ ብቻ አይደለም የሚያወራው። እርስዎም ገብቶዎታል፣ እንቅልፍ የነሣዎት ለዚህ ነው። «ምንም» ማለቱ ግን ሊደብቅዎት ፈልጎ ብቻ ላይሆን ይችላል። በምሳ ሰዓት ነው የደወለው ብለዋል። በዱባይ ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5 ድረስ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ፀሐይ ላይ መሥራት በቀኑ አጋማሽ ይከለከላል። በእኛ ሰዓት ከ5:30 እስከ 8:00 መሆኑ ነው። ሠራተኛው ጥላ ፈልጎ ጋደም ይላል። ልጅዎ የደወለው በዚያች ዕረፍት ከሆነ፣ ግራና ቀኙ ሰው ተኝቶ ነበር ማለት ነው። ማደሪያውም ቢሆን አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ሰው የሚያድርበት ሊሆን ይችላል። ሰው እየሰማው «ከፍቶኛል» የሚል ወንድ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ብቻውን የሚሆንበትን ሰዓት ያጣሩ። «የዕረፍት ቀንህ መቼ ነው? ወጣ ብለህ ደውልልኝ» ይበሉት። ሲደውል «ምን ሆንክብኝ?» ብለው አይጀምሩ፤ እንደገና «ምንም» ይላል። የጠየቀዎትን ይመልሱለት። አልቃሻ ከነበረ አዎ ይበሉት። መቼ መቼ ያለቅስ እንደነበር፣ ማን ሲያዝለው ዝም እንደሚል፣ አባቱ ምን ያደርጉለት እንደነበር፣ የሚያስታውሱትን ሁሉ ይንገሩት። ያልነበረ አይጨምሩ፣ ያውቅብዎታል። አልቃሻ ካልነበረም እንደዚያው፤ ምን ዓይነት ልጅ እንደነበር ያውሩለት። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የምትለዋ ከአፍዎ እንዳትወጣ። ከወጣች ያ ልጅ ሁለተኛ አይጠይቅዎትም።

ከዚያ «አሁንስ ሲከፋህ ከማን ጋር ነው የምታወራው?» ይበሉትና ዝም ይበሉ። ስልኩ ላይ ዝምታው ይከብዳል፣ «ሃሎ፣ ሃሎ» ማለት ያምረናል። ይታገሡት። ሲጠየቅ ያላወጣውን በዝምታው መሃል ያወጣው ይሆናል።

ደመወዝ ከልክለውት ወይም ፓስፖርቱን ይዘውበት ከሆነ፣ እዚያ አገር አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝ አይፈቀድለትም። ዱባይ የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት አለ፣ ወደዚያ ይሂድ። ናፍቆትና ብቸኝነት ብቻ ከሆነ ደግሞ የእርስዎ ቶሎ ቶሎ መደወል ይረዳዋል። «ኑሮ ሰልችቶኛል»፣ «ባልኖር ይሻላል» የሚል ቃል ከሰሙ ግን ተግሣጽ አይጀምሩ። «ራስህን ልትጎዳ እያሰብክ ነው ወይ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርበትም፤ ብዙውን ጊዜ ሰውየው ይቀለዋል። ስልኩን ሳይዘጉ አጠገቡ ያለ ጓደኛ እንዲመጣ ያድርጉ፣ ሐኪም ጋም ይዘውት ይሂዱ። ለዚህም ሲሉ የአንድ የቅርብ ጓደኛውን ቁጥር ከአሁኑ ተቀብለው ይያዙ። «ስልክህ እንቢ ሲለኝ የምደውልበት» ቢሉት በቂ ምክንያት ነው።

ጓደኛውን ካነሣን፦ ልጅ መስለው በሌላ ቁጥር ወይም በቴሌግራም «እማዬ፣ ስልኬ ጠፍቶብኝ ነው፣ ቶሎ ገንዘብ ላኪልኝ» የሚሉ አታላዮች አሉ። ዛሬ ድምፅ አስመስሎ የሚሠራም ማሽን አለ። ያኔ ግራ የሚያጋባ ጥያቄ እርስዎ ይጠይቁ። «ልጅ ሆነህ የነከሰችህ የጎረቤት ውሻ ስሟ ማን ነበር?» ዓይነት፣ ከቤታችሁ ውጭ ማንም የማያውቀውን። ካልመለሰ ይዝጉትና በሚያውቁት ቁጥር ይደውሉ።

ደግሞ ለአታላይ ብቻ አይደለም። ለልጆችዎም እንዲህ ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ ይልመዱ። «ሥራ እንዴት ነው» ይቅር። «ከመስኮትህ ምን ይታያል?» ይበሉ። «ትናንት ማታ ምን በላሽ፣ ማን ሠራው? ጫማህ አላለቀም? ልጆቹን ማን ነው የሚያስተኛቸው?» ይህን ሲጠየቁ «ደህና» ብለው ማምለጥ አይችሉም።

እርስዎም አያምልጡ። በሚቀጥለው የድንች ስልክ «መልሱን ከመንገሬ በፊት ጉልበቴ እንዴት እንዳደረ ጠይቀኝ» ይበሉት። ሲጠይቅዎት እውነቱን ይንገሩት። አመመኝ ይበሉ። አንድ ቀን ይደነግጣል፣ ከዚያ በኋላ ግን ሳይነገረው ይጠይቃል። እናታቸው የሚያማት ሰው እንደሆነች ልጆች የሚያውቁት ሲነገራቸው ነው።

ጎረቤትዎን አይቀየሟቸው። የእሳቸው ስልክ ማታ ማታ አይጮህ ይሆናል። የእርስዎ ሲጮህ እሳቸውም ካሉ ስልኩን ያቀብሏቸው፤ ስለ ድንች እሳቸውም ያውቃሉ።

ስልኩን ማጥፋት ነውር የለውም፤ ግን አያጥፉት። ማጥፋት ያሰቡት ሌሎች ሰዎችም በሌሊት ስለሚደውሉ ከሆነ፣ ዘመናዊ ስልክ ላይ «አትረብሹኝ» የሚል ማስተካከያ አለ። የመረጧቸው ቁጥሮች ብቻ እንዲጮሁ ያደርጋል። ትንሹ ልጅዎ ቤት ሲመጣ የአራቱን ቁጥር ያስገባልዎት። ለትልቋ ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ለእሷ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ ከሥራ ገብታ አረፍ ስትል መሆኑ ነው። ካልቸኮለ በቀር ቅዳሜ ጠዋት በእሷ 3 ሰዓት እንድትደውል ይንገሯት። ለእርስዎ ከቀኑ 10 ሰዓት ይሆናል፣ ቡናም ያፈላሉ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ሲመልሱ ስልኩ በ11 ሰዓት ነው የሚመጣው፤ ዘገየች ብለው እንዳይሰጉ።